የእንግሊዝ የሰፈር ፐብና ካስክ ቢራው፦ አመራረጥ፣ አስተዛዘዝ፣ አጠጣጥ

እንግሊዝ አገር የሰፈር ፐብ፣ ማለትም መጠጥ ቤት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሐበሻ ሁለት ነገር ግር ይለዋል። ጠረጴዛ ይዞ ቢቀመጥ የሚያስተናግደው ሰው አይመጣም፤ ሃያ ደቂቃ ቢጠብቅም ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በመጨረሻ ራሱ ተነሥቶ ያመጣው ቢራ ደግሞ ጥርስ የሚያስነክስ ቅዝቃዜ የለውም፣ ጋዙም ለስሙ ያህል ነው። «የከረመ ሰጡኝ» ብሎ ግማሹን ትቶ ይወጣል። ቢራው ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ አሠራሩ ነው። በእርግጥ የከረመም ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ መልሶ ማስቀየር መብት ነው። ቁም ነገሩ ሁለቱን መለየት ላይ ነው።

ዋናውን አስቀድመን እንናገር። ጥሩ ካስክ ቢራ፣ ማለትም በርሜሉ ውስጥ ሆኖ መብላላቱን የሚቀጥል ቢራ፣ ያለው በርሜሉ ቶሎ የሚያልቅበት ቤት ነው። ቢራው ከበርሜሉ የሚሳብበት የፓምፑ ብዛት፣ የግድግዳው ጌጥና የሕንፃው ዕድሜ ከዚያ በኋላ የሚታዩ ናቸው። (እዚህ ላይ የሚጠቀሱት ሰዓቶችና ዓመታት በሙሉ በእንግሊዞቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቢራው ከምድር ቤት እስከ ባንኮኒ

ካስክ ኤል ወይም ሪል ኤል የሚባለው ቢራ ከፋብሪካ የሚወጣው ሥራው ሳያልቅ ነው። በማጣሪያ መሣሪያ አይጣራም፣ እርሾውን ለመግደልም አይሞቅም፤ እርሾው በሕይወት እያለ በርሜል ይገባል፣ በርሜሉ ውስጥም መብላላቱን ይቀጥላል። ያለውን ጋዝ የፈጠረው ያ እርሾ ነው። ሲቀዳም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም በናይትሮጅን ግፊት አይወጣም። አዲስ አበባ በጃምቦ የምንጠጣው ድራፍት ተጣርቶ፣ ቀዝቅዞ፣ በጋዝ እየተገፋ ነው የሚመጣው፤ እንግሊዞቹም እንዲህ ያለውን ኬግ ይሉታል፣ እዚያው ፐብ ውስጥም ይሸጣል። ካስክ ኤል ግን በጠባዩ ለጠላ ይቀርባል፦ አተላው ከሥር ይዘቅጣል፣ ከተከፈተ አይሰነብትም፣ የያዘው እጅ ጥሩ ካልሆነ ጥሩ ጥንስስም ይበላሻል።

የተለመደው በርሜል ፈርኪን ይባላል። 9 የእንግሊዝ ጋሎን ይይዛል፤ ይኸውም 72 ፓይንት (ፓይንት ትልቁ የቢራ ብርጭቆ ነው)፣ ወደ 41 ሊትር ገደማ ነው። ግማሹ ፒን፣ እጥፉ ደግሞ ኪልደርኪን ይባላል። በርሜሉ ምድር ቤት ይወርድና በጎኑ ተጋድሞ፣ ከሥሩ ሽብልቅ ተደርጎለት፣ እንዳይነቃነቅ ሆኖ ይቀመጣል። የምድር ቤቱ ሙቀት ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። ከዚህ ሲያልፍ ቢራው ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ከዚህ በታች ሲወርድ ደግሞ ጣዕሙ ይታፈናል፣ አንዳንዴም ይደፈርሳል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የእጅ ጥበብ ነው። የምድር ቤቱ ባለሙያ በበርሜሉ ሆድ ላይ ባለው ውታፍ መሐል ለስላሳ የእንጨት ችንካር በመዶሻ ይመታል። እንጨቱ አየር ስለሚያሳልፍ የታመቀው ጋዝ ፉጨት እያሰማ ይወጣል፤ ቡናማ አረፋ በችንካሩ ዙሪያ ይኩረፈረፋል። ባለሙያው አረፋውን ይጠርጋል፣ ቆይቶ ተመልሶ እንደገና ያያል። ኩርፍርፉ ጋብ ሲል ለስላሳውን ነቅሎ ጋዝ በማያሳልፍ ጠንካራ ችንካር ይተካዋል። ቸኩሎ ቢተካው ቢራው አረፋ ብቻ ሆኖ አልቀዳ ይላል፤ ለስላሳውን ረስቶ ቢያድር ጋዙ ሁሉ ይተንና ቢራው በማግስቱ ሙት ይሆናል።

እርሾው ወደ ሥር እንዲዘቅጥ ጠማቂው አይሲንግላስ የሚባል ማጥሪያ ይጨምርበታል። የሚሠራው ከዓሣ የአየር ከረጢት ነው፤ ጾም ለያዘ ሰው ይህ ተራ ዝርዝር አይደለም፣ በኋላ እንመለስበታለን። ቢራው አንድ ቀን፣ ሲያስፈልግም ከዚያ በላይ ሳይነካ ይቀመጥና ጥርት ሲል ለሽያጭ ይቀርባል።

ቢራው በተቀዳ ቁጥር በርሜሉ ውስጥ በቦታው የሚተካው አየር ነው። አየር ደግሞ ቢራን ያበላሻል። ስለዚህ የተከፈተ በርሜል በ3 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። አሁን ሒሳቡን ይሥሩት፦ 72 ፓይንት በ3 ቀን፣ በቀን 24 ፓይንት ማለት ነው። እያንዳንዱ ፓምፕ ከየራሱ በርሜል ስለሚስብ፣ 10 ፓምፕ የደረደረ ቤት በየቀኑ 240 ፓይንት ካስክ ብቻ መሸጥ ይኖርበታል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌና አንድ ውሻ ብቻ ያሉበት ቤት 10 ፓምፕ ካቆመ፣ ከዐሥሩ ስንቱ ትኩስ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ፐቡን መምረጥ

የማዕዘን ፐቦች ብዙዎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ የሠራተኛ ቤቶች ተያይዘው በተሠሩባቸው ሰፈሮች የተተከሉ ናቸው። በራቸው ሁለት ጎዳና የሚገናኝበት ጥግ ላይ ይከፈታል። ከውጭ ሲያዩአቸው ብዙም አይለያዩም፤ ከመግባትዎ በፊት ግን ጥቂት ነገር ማጣራት ይቻላል።

ቤቱ የማን ነው? ታይድ ሃውስ ከሆነ የአንድ ጠማቂ ወይም የአንድ ትልቅ ኩባንያ ነው፤ የሚሸጠውም ባለቤቱ የፈቀደውን ነው። ፍሪ ሃውስ ከሆነ ባለቤቱ ከፈለገው ጠማቂ ይገዛል። ፍሪ ሃውስ ሁሉ ይሻላል ማለት ግን ስሕተት ነው። የአካባቢው ጠማቂ ንብረት የሆነ ቤት ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ዓይነት ብቻ ያቀርባል፣ እነሱም ሲቀዱ ስለሚውሉ ትኩስ ናቸው። ለዚህ ለንደን ታባርድ ጎዳና ላይ ያለው ሮያል ኦክ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ የሰሴክሱ ጠማቂ የሃርቪስ ቤት ነው፣ የሚቀዳውም የሃርቪስ ነው።

የአካባቢ ቢራ በሰፈሩ ሰው ዘንድ ምን ያህል ተወዳጅ እንደሆነ የሉዊስ ከተማ ነዋሪዎች አሳይተዋል። የሃርቪስ ፋብሪካ ያለው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። የሉዊስ አርምስ ፐብ ባለቤት የነበረው ግሪን ኪንግ የተባለው ኩባንያ በታኅሣሥ 2006 እ.ኤ.አ. የሃርቪስን ቢራ ከባንኮኒው አነሣ። ደንበኞቹ ደጅ ቆመው ሰው እንዳይገባ ይለምኑ ጀመር፣ ገበያው ተመታ፣ በሚያዝያ 2007 ቢራው ተመለሰ።

ምልክቶችን ይፈልጉ። ካምራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1971 የተቋቋመው የካስክ ቢራ ተሟጋቾች ማኅበር፣ በየዓመቱ የተመረጡ ፐቦችን ዝርዝር ያወጣል፤ የተመረጠው ቤት መስኮቱ ላይ ተለጣፊውን ያደርጋል። የተለጣፊውን ዓመት ያንብቡ፤ የዘንድሮው ከሌለና የቆዩት ብቻ ካሉ አያያዙ ተለውጦ ይሆናል። ካስክ ማርክ የሚባል ምልክት ደግሞ መርማሪ መጥቶ የቢራውን ሙቀት፣ ጥራት፣ ሽታና ጣዕም አይቶ ያሳለፈው ቤት መሆኑን ይናገራል።

ቀን መምረጥም ይጠቅማል። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ገበያው ሞቅ ስለሚል በርሜሉ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ሰኞ የሚቀዳው ብዙ ጊዜ የእሑድ ትራፊ ነው። ለመጀመሪያ ጉብኝት እኛ የምንመርጠው ሐሙስ ወይም ዓርብ ከ5 ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ነው፦ ቢራው ሲቀዳ ውሏል፣ መቀመጫም ገና አልጠፋም።

አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ወደ ሰሜን እንግሊዟ ከተማ ሼፊልድ ቢሄድ አይከፋም። ኬልሃም አይላንድ በሚባለው የቀድሞ የብረት ፋብሪካዎች ሰፈር፣ ከ1981 ጀምሮ ካስክ ቢራ ሲሸጥ የኖረው ፋት ካትና፣ የ2008 እና የ2009 የካምራ የአገሪቱ ምርጥ ፐብ የነበረው ኬልሃም አይላንድ ታቨርን የጥቂት ደቂቃ እግር መንገድ ነው የሚለያያቸው። ማንቸስተር ላለ ደግሞ ሮችዴል መንገድ ላይ በ1888 የተሠራው ማርብል አርች አለ። ወለሉ ወደ ባንኮኒው ያዘቀዝቃል፤ ከመጀመሪያው ፓይንት በፊትም ስለሚያዘቀዝቅ አይደንግጡ።

መግባት

በር ላይ የሚቀበል፣ የሚያስቀምጥ ሰው የለም። ሁለት በር ካለው አንዱ ወደ ፐብሊክ ባር፣ ሌላው ወደ ላውንጅ ይወስዳል። በድሮ ጊዜ ላውንጁ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ቤት ዋጋው አንድ ነው። ስነግ የሚባል ለአምስት ለስድስት ሰው የምትበቃ ጠባብ ክፍል ካለች ማንም ቀድሞ ሊይዛት ይችላል። በባንኮኒው ጫፍ ያለው ረጅም ወንበር ግን ባዶ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሆነ ደንበኛ የዘወትር ቦታ ነው፤ ለአንድ ምሽት ቢተዉት ሰላም ያገኛሉ።

አልኮል ለመግዛት 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ብዙ ቤቶች ከ25 በታች የሚመስለውን ሁሉ መታወቂያ ስለሚጠይቁ ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ይያዙ። ልጅ ይዘው ከሆነ በር ላይ ያለውን ማስታወቂያ ያንብቡ፤ አንዳንዱ ቤት ጨርሶ አያስገባም፣ ሌላው እስከ ምሽቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ብቻ ይፈቅዳል። ሲጋራ ከሐምሌ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ከቤት ውጭ ነው።

ባንኮኒው ላይ

በቀጥታ ወደ ባንኮኒው ይሂዱ። አንድ በአንድ የተሰለፈ ሰው ላያዩ ይችላሉ፤ ተራ ግን አለ። ሰዎቹ በባንኮኒው ርዝመት ይቆማሉ፣ ማን ከማን በፊት እንደመጣ ሁሉም ልቡ ያውቀዋል። ሲደርሱ ከእርስዎ በፊት እነማን እንደቆሙ ይዩ። አስተናጋጁ «ቀጣዩ ማነው?» ሲልና ተራው የሌላ ከሆነ በእጅዎ ወደዚያ ሰው ያመልክቱ። ይህች ትንሽ ምልክት የቤቱን ሰው ልብ ታስገኛለች። ብር ማወዛወዝ፣ ማጨብጨብ፣ ማፏጨት ወይም «ወንድም» ብሎ መጥራት ግን ወደ ኋላ ያስቀራል። ከአስተናጋጁ ጋር ዓይን ለዓይን መገናኘት ይበቃል። ሼፊልድ ውስጥ ወንዱ አስተናጋጅ ወንዱን ደንበኛ «ላቭ» (ውዴ) ብሎ ቢጠራው የሰፈሩ አነጋገር ነው፣ ሌላ ነገር አያስቡበት።

ቆመው ሳሉ ፓምፖቹን ያንብቡ። ረጅም እጀታ ያላቸውና ባንኮኒው ላይ ቀጥ ብለው የቆሙት የካስክ ፓምፖች ናቸው። ጆሴፍ ብራማ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1797 የፈጠራ መብት ያወጣበት መሣሪያ ናቸው፣ አሠራራቸውም እስከ ዛሬ ያው ነው። እያንዳንዱ ላይ የተሰቀለችው ሰሌዳ የቢራውን ስም፣ የጠማቂውን ስምና የአልኮል መጠኑን በመቶኛ ትናገራለች። ሰሌዳዋ ፊቷን ወደ ውስጥ ካዞረች ያ ቢራ አልቋል ወይም ገና አልደረሰም። ብርሃን የሚያበሩትና ላያቸው በረዶ የለበሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ኬግ ናቸው።

የአካባቢው ቢራ የትኛው እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቁ። ከዚያም ወሳኙን ጥያቄ ያስከትሉ፦ «ዛሬ ብዙ ሲቀዳ የዋለው የቱ ነው?» ጥሩ አስተናጋጅ ሳያመነታ ያሳይዎታል። አንዱን ወይም ሁለቱን በትንሽ ብርጭቆ መቅመስ በነፃ ይፈቀዳል። አምስት ዓይነት መቅመስ ግን፣ በተለይ ከኋላ ሰው ቆሞ ሳለ፣ ነውር ነው።

መጠኑ በሕግ የተወሰነ ነው። ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር፣ ግማሹ 284፣ ሲሶው 189 ነው፤ ሁለት ሦስተኛ የሚሸጥበትም ቤት አለ። በግማሽ መጀመር ምንም አያሳፍርም። ለማያውቁት ቢራ ሙሉ ፓይንት ከማዘዝ ሁለት ዓይነት በግማሽ በግማሽ ማዘዝ ይሻላል። ከጓደኞችዎ አንዱ ጊነስ የተባለውን ጥቁር ቢራ የሚጠጣ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይዘዙ፤ ተቀድቶ እስኪረጋ ጊዜ ስለሚወስድ በመጨረሻ ቢያዝዙት ባንኮኒውን ያስቆማሉ።

ክፍያ ወዲያው ነው፣ ካርድ በየቦታው ይሠራል። ፓይንቱ በሰሜን ብዙ ጊዜ ከ4 ፓውንድ ጀምሮ፣ ለንደን ደግሞ ከ6 በላይ ሊሆን ይችላል። ጉርሻ አይጠበቅም። አስተናጋጁን ማመስገን ከፈለጉ ሲከፍሉ «ለአንተም አንድ ጨምር» ማለት ይቻላል፤ እሱም የመጠጡን ዋጋ ይወስዳል ወይም አመስግኖ ይተወዋል።

በቡድን ሲሆን ሰው ሁሉ በየተራው ለሁሉም ይገዛል፤ ራውንድ ይሉታል። እዚህ ላይ የእኛ «እኔ ልክፈል» ትግል አይሠራም። አንድ ሰው ሦስቱንም ዙር ልክፈል ቢል ሌሎቹ ባለዕዳ የሆኑ ስለሚመስላቸው ይጨነቃሉ። በሌላ በኩል የሌላውን ዙር ጠጥቶ የራስን ሳይገዙ መሄድ ለዓመታት የሚታወስ ጥፋት ነው። አንድ ብቻ ጠጥተው የሚሄዱ ከሆነ የመጀመሪያው ዙር ሳይታዘዝ «እኔ የራሴን እገዛለሁ» ይበሉ፤ ማንም አይቀየምም።

አቀዳዱን መመልከት

አስተናጋጇ ብርጭቆውን አዘንብላ ከቧንቧው አፍ ሥር ትይዛለች፣ እጀታውን እስከ መጨረሻው በዝግታ ትስባለች። አንዱ ስበት በአብዛኛው ፓምፕ ግማሽ ፓይንት ያወጣል። ስለዚህ ሁለት ረጅም ስበትና አንድ ትንሽ ጭማሪ በቂ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ አጭር አጭር አድርጋ ከሳበችና አረፋ ብቻ ከወጣ በርሜሉ እያለቀ ነው ወይም ቢራው ገና አልሰከነም። ይህን ካዩ ሌላ ዓይነት ያስቀይሩ።

ቤቱ እንደተከፈተ ከደረሱ ሌላ ጉዳይ አለ። ከምድር ቤት እስከ ፓምፑ ባለው ቧንቧ ውስጥ ሌሊቱን ያደረ ቢራ ሞቅ ያለና የደከመ ነው። ጠንቃቃ ቤት ደንበኛ ሳይመጣ ስቦ ይደፋዋል። የመጀመሪያው ደንበኛ እርስዎ ከሆኑ «ያደረው ተስቦ ተደፍቷል?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

በሰሜን እንግሊዝ ቧንቧው አፍ ላይ ስፓርክለር የምትባል ጥቃቅን ቀዳዳ ያላት ቆብ ትገጠማለች። ቢራው በግፊት ስለሚያልፍባት ወፍራም፣ ክሬም የመሰለ አረፋ ይሠራል፤ ጣዕሙም ይለሰልሳል፣ ጋዙ ግን ይቀንሳል። በደቡብ ያለሷ ስለሚቀዳ አረፋው ስስ፣ የሆፑ (የፈረንጅ ጌሾው) ምሬት ደግሞ ጎላ ያለ ነው። የቱ ይሻላል የሚለው ክርክር አያልቅም። የእኛ አስተያየት ቢራው የተጠመቀበት አካባቢ እንደሚቀዳበት ይቀዳ የሚል ነው። ለማንኛውም ቆቧን እንዲያነሡልዎ መጠየቅ ይችላሉ።

አረፋው በዝቶ ቢራው ካነሰ ብርጭቆውን መልሰው ባንኮኒው ላይ ያድርጉና እንዲሞላልዎ ይጠይቁ፤ ማንም አይከራከርዎትም። ብርጭቆው ላይ መስመር ካለ መለኪያው መስመሩ ነው፣ አረፋው ከሱ በላይ ይሆናል። መስመር ከሌለው ፓይንት የሚሆነው እስከ አፉ ሲሞላ ነው። ለሁለተኛው መጠጥም አዲስ ብርጭቆ ይጠይቁ፤ የተጠጣበት ላይ ሲቀዳ ረጅሙ ቧንቧ ከተረፈው ቢራ ጋር ይነካካል።

መጠጣት

ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሂዱ። ማይልድ ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ የብቅል ጣዕሙ የጎላ፣ አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 3.8 በመቶ ነው። በርሚንግሃም አጠገብ ያለው ብላክ ካንትሪ ዛሬም የማይልድ አገር ነው። ቢተር ደግሞ ከ3.5 እስከ 4 አካባቢ፣ ቤስት ቢተር ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ቀለሙ የመዳብ፣ ምሬቱና ጣፋጭነቱ የተመጣጠነ ነው። ምሬቱ የሚመጣው ከሆፕ ነው፣ የፈረንጅ ጌሾ ከሚባለው አበባ። የእንግሊዞቹ ሆፕ፣ ፈግልና ጎልዲንግስ፣ ሣርና አፈር አፈር ይሸታል፤ ወርቃማ ቀለም ባለው ጎልደን ኤል ላይ የሚጨመረው የአሜሪካ ሆፕ ግን ብርቱካንና ሎሚን ያስታውሳል። ፖርተርና ስታውት ጥቁሮች ናቸው፣ የተቆላ ቡናና ቸኮሌት ያሰኛሉ፤ ቡና ወዳድ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይረጋል። ባርሊ ዋይን 8 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ስለሆነ በፓይንት አይታዘዝም፣ ሲሶው ይበቃል።

ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያንሡ፤ አብዛኛው ካስክ ቢራ ኩልል ያለ ነው። ያሽትቱ። ከዚያ አንድ ጊዜ ሙሉ ጉንጭ ይጎንጩ። ላገር የሚባለው የተለመደው ቀዝቃዛ ቢራ የሚጠጣው ጥም ለመቁረጥ ነው፣ ይህ ግን በ12 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀርብ ጣዕሙ ሁሉ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ጉንጭ ለብ ያለ ቢመስልዎት እስከ ሦስተኛው ይታገሡ። ሲጠጡ ብርጭቆው ግድግዳ ላይ የአረፋ ቀለበት እየቀረ ከወረደ ቢራውም ብርጭቆውም ንጹሕ ነው። ቀለበት ሳይተው ከተንሸራተተ የሳሙና ወይም የቅባት ትራፊ አለ።

4 በመቶ የሆነ አንድ ፓይንት በእንግሊዞቹ መለኪያ 2.3 ዩኒት አልኮል አለው። የጤና ምክሩ በሳምንት ከ14 አይለፍ ስለሚል ስድስት ፓይንት የሳምንቱን ይጨርሳል። ካስክ ቢራ በቀላሉ ስለሚወርድ ቁጥሩ ይረሳል። በነገራችን ላይ የቧንቧ ውሃ አልኮል በሚሸጥበት ቤት ሁሉ ሲጠየቅ በነፃ መሰጠት አለበት፣ ሕግ ነው። አልኮል የማይጠጣም ሰው ሶዳ በሎሚ ጭማቂ ይዞ ምሽቱን ሙሉ ቢቀመጥ ለምን የሚለው የለም።

ሲበላሽ፦ ምንድነው፣ ከየት መጣ

ኮምጣጤ ከሸተተ በርሜሉ ከተከፈተ ቆይቷል፤ አየር የገባበት ቢራ ላይ ባክቴሪያ ሠርቶበታል። ይህ የማያከራክር ብልሽት ነው። እርጥብ ካርቶን ካሰኘዎ በኦክስጅን ያረጀ ነው። ቅቤ ወይም የቅቤ ከረሜላ ጎልቶ ከመጣ ጠማቂው ቸኩሎ አውጥቶታል ወይም ቧንቧው አልታጠበም፤ በጥቂቱ ሲሆን ግን የአንዳንድ ቢራ ጠባይ ነው። ሆስፒታል ሆስፒታል፣ የቁስል መድኃኒት የሚሸት ከሆነ ተበክሏል። ምላስ ላይ የሚያሟልጭና የኬሚካል ጣዕም ካለው የቧንቧ ማጠቢያው በደንብ አልተለቀለቀም፤ ቧንቧዎቹ በየሳምንቱ የሚታጠቡት በጠንካራ ኬሚካል ስለሆነ ይህን አይዋጡት፣ ወዲያው ይመልሱ።

ድፍርስ ቢራ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማጥሪያ ሳይጨመርበት ሆን ተብሎ ድፍርስ ሆኖ የሚሸጥ ቢራ እየበዛ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ወይም ከአስተናጋጁ ይጣራል። ጥርት ማለት የነበረበት ቢተር ጭቃ መስሎ፣ የእርሾ ጣዕም ይዞ ከመጣ ግን የበርሜሉ ሥር ላይ ተደርሷል፣ አተላውን ነው የቀዱልዎ። የተቀቀለ እንቁላል የመሰለ ቀላል የድኝ ሽታም ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። የበርተን አፖን ትሬንት ከተማ ውሃ ጂፕሰም የሚባል ማዕድን ስላለበት የዚያ አካባቢ ቢራ ሲቀዳ ይህን ሽታ ይዞ ይመጣል፣ ከአፍታ በኋላም ይጠፋል።

አመላለሱ ቀላል ነው፣ ጊዜውን ብቻ ይጠብቁ። ሁለት ጉንጭ እንደቀመሱ ይሂዱ፤ ግማሹን ጨርሶ መመለስ ሰሚ የለውም። ድምፅዎን ሳያሰሙ፣ ሌላ ደንበኛ ፊት ሳያዋርዱ፣ «ይህ ትንሽ የኮመጠጠ መሰለኝ፤ ቢያዩልኝ?» ይበሉ። ያሸቱታል፣ ይቀይሩልዎታል፣ ጥሩ ቤት ከሆነም ሰሌዳዋን ወዲያው ያዞራታል። «ሪል ኤል እንዲህ ነው» የሚል መልስ ካገኙ ግን ቀጣዩን መጠጥ ሌላ ቤት ይጠጡ። ቢራውን ስላልወደዱት ብቻ መመለስ አይገባም፤ መቅመሻው የተፈቀደው ለዚህ ነው።

ምግብና ጾም

ወጥ ቤቱ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 2፡30፣ ማታ ከ6 እስከ 9 ይሠራል፤ እሑድ ሮስቱ፣ ማለትም የምድጃ ሥጋ ጥብሱ፣ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ብዙ የማዕዘን ፐብ ግን ምግብ የለውም፣ ያለው በከረጢት የታሸገ ድንች ጥብስና ኦቾሎኒ ነው። በአጠገቡ በከረጢት የሚሸጠው ቡናማ ቁርጥራጭ፣ ፖርክ ስክራቺንግስ፣ የአሳማ ቆዳ ጥብስ ነው።

ጾም ላይ ያለ ሰው ቢራው በአይሲንግላስ የጠራ መሆኑን ማወቅ ከፈለገ «ቪጋን ነው?» (ከእንስሳ የተገኘ ነገር የለበትም ወይ) ብሎ ይጠይቅ። ማጥሪያ ያልገባበት ድፍርስ ቢራ ብዙ ጊዜ መልሱ አዎ ነው፤ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር የሚገባበት ስታውት ግን አይሆንም። ዮርክሻየር አካባቢ ድንቹም በበሬ ስብ ሊጠበስ ስለሚችል እሱንም ያስረዱዎት።

መዝጊያው ሲደርስ

ብዙ ሰፈር ፐብ በ11 ሰዓት ሽያጭ ያቆማል። ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ደወል ይደወላል፤ የመጨረሻ ትእዛዝ ይዘዙ ማለት ነው። ሁለተኛው ደወል ባንኮኒው ተዘጋ ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ልመና አያስገኝም። የያዙትን ለመጨረስ 20 ደቂቃ ያህል ይሰጣል። ባዶ ብርጭቆዎን ሲወጡ ባንኮኒው ላይ መልሰው ያስቀምጡ፤ ከጉርሻ ይልቅ የሚወደድ ነገር ነው።

መኪና ይዘው ከመጡ እዚያው ትተውት በአውቶቡስ ይሂዱ። ቢራውን ወደ ቤት መውሰድ የሚፈልጉም ብዙ ቤቶች በፕላስቲክ እቃ ስለሚቀዱ ይጠይቁ። እስከ አፉ ያስሞሉት፣ አየር አይቅርበት፤ ቀጥ አድርገው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያኑሩትና በማግስቱ ሳያመሽ ይጨርሱት።